ሞያ ስለው ውኃ አመጣ

ሰፈራችን የጅዳው ጃሚዓ ነው። ጃሚዓ በዐረብኛ ዩኒቨርሲቲ ማለት ነው፤ የንጉሥ ዐብዱልዐዚዝ ዩኒቨርሲቲም ከዚሁ ሩቅ አይደለም። ዐርብ ዐርብ ከዐስር ሰላት በኋላ በአንዲት እህት ሳሎን ምንጣፍ ላይ ጅዳ የተወለዱ የሐበሻ ልጆችን ሰብስበን አማርኛ ማንበብ እናስተምራለን። የጀመርነው አስተማሪዎች ሁለት ነን፤ ልጆቹ ሁለታችንንም እዚህ መምህርት እንደሚጠራበት «አብላ» ይሉናል።

አንድ ዐርብ ብዙዎቹ ልጆች ከሄዱ በኋላ እኔና ባልደረባዬ ደብተራችንን ዘርግተን ስንነጋገር አንድ አባት ልጁን ሊወስድ መጣ።

«ምን እየሠራችሁ ነው?»

«እየተማርን።»

«አስተማሪዎቹ እናንተ አይደላችሁም እንዴ?»

«ነን፤ ለዚህ ነው የምንማረው።»

«ሀ ሁ ለማስተማር ደግሞ! ፊደል የቆጠረ ሁሉ ያስቆጥር የለም?»

«ወንድሜ፣ የተወለደ ሁሉ ያዋልዳል?»

ዝም አለ። ክፉ ሰው አይደለም፤ ከሥራ በቀጥታ የመጣ፣ ልጁ አማርኛ እንዲያነብለት ከልቡ የሚመኝ አባት ነው። ጥያቄውም የእሱ ብቻ አይደለም። በባቃላው፣ ማለትም በሰፈሩ ሱቅ፣ በር ላይ፣ በሊፍት ውስጥ፣ በዒድ ግብዣ ላይ ሁሉ ይወረወርብኛል። እኔም እንደ አመጣጡ እመልሳለሁ። እዚህ የምጽፈው ደረጃ ላይ ተቆሞ የማይጨረሰውን ነው።

አንዲት እናት ፊቷ በደስታ እያበራ «ልጄ ፊደሉን ጨርሷል» አለችኝ።

«ጨርሶታል ወይስ ጨርሶ አያውቀውም? ነይ አብረን እንየው» አልኳት።

ልጁ ተነሥቶ ከሀ እስከ ፖ አንድም ሳይስት በዜማ አወረደው። እናቱ እልል ልትል ነው። እኔ ወረቀት ላይ «ቤ» ብቻ ጽፌ ሰጠሁት። ወረቀቱን አየ፣ እኔን አየ፣ ከዚያ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ ከሀ ጀመረ። ሀ ሁ ሂ፣ ለ ሉ ሊ… በ ላይ ደረሰ፤ በ ቡ ቢ ባ፣ «ቤ!» አለ። ልጁ ቤን አላነበበም፤ በዜማው መሰላል ወጥቶ ነው የደረሰባት። መሰላሉ ሲወሰድበት መሬት ላይ ይቀራል። ይህን ስህተት መጀመሪያ የሠራሁት ደግሞ እኔ ነኝ፤ ወራት ሙሉ ዜማውን እያጨበጨብኩ አስደግሜዋለሁ፣ ጎበዝ ብዬዋለሁ። ጎበዝ የነበረው ጆሮው ነው፤ ዓይኑን ያሠራሁበት ቀን አልነበረም።

የሚገርመው፣ አባቶቻችን ይህንን ችግር ያውቁት ነበር። የተስፋ ገብረ ሥላሴን የፊደል ገበታ ያየ ሰው ከሀ ሁ በኋላ አቡጊዳ መኖሩን ያስታውሳል፤ አ ቡ ጊ ዳ ሄ ው ዞ እያለ በሰያፍ የሚሄደውን። ብዙ ሰው «ይኼ ለምን ያስፈልጋል?» ብሎ ሲጠይቅ ሰምቻለሁ። እኔ እንደሚገባኝ፣ የመጀመሪያው ዜማ በአቡጊዳ ይሰበራል፤ ሀ ሁን በጆሮው የሸመደደ ልጅ አ ቡ ጊ ዳ ላይ ሲደርስ ግድ ፊደሉን ማየት ይኖርበታል። የኔታ በዚህም አያበቁም፤ ልጁን መልእክተ ዮሐንስ ላይ አስቀምጠው በስንደዶ እየጠቆመ ፊደል በፊደል ያስቆጥሩታል፤ ቁጥር ይሉታል። ከዚያ ግእዝ፣ ከዚያ ውርድ፣ ከዚያ ቁም ንባብ። ስንደዶዋን አትናቋት። ልጁ የቱን ፊደል እያየ እንደሆነ ለመምህሩ የምትናገር እሷ ናት። ወሎም ብትሄዱ ቁርኣን ቤት ልጁ ሉሁን ይዞ አንድ በአንድ ኡስታዙ ፊት ይቀርባል፤ ትልቁ ደረሳም ትንሹን ያስጠናል። ዛሬ «አሠልጣኝነት» የምንለው ሥራ ያኔ በየመስጊዱና በየደብሩ ጥላ ሥር ይሠራ ነበር፤ ነገ የሚያስተምረው ሰው ዛሬ ከሚያስተምረው ጎን ተቀምጦ ነው የሚያድገው።

በእኛ ሰፈር የተከበሩ አንድ ሐጂ ይህን ስነግራቸው «ያ ድሮ ነው፤ አሁን ሁሉም በዩቲዩብ አለ» አሉኝ።

«ሐጂ፣ ልጅዎን ቁርኣን የሚያቀራው ኡስታዝ ከማን ነው የቀራው?»

«ኢጃዛ አለው፤ ሸይኽ ፊት ቁጭ ብሎ ነው የቀራው።»

«ለምን በዩቲዩብ አልቀራም?»

«ድምፁን ማን ያርምለታል?»

«የእኔንስ ማን ያርምልኝ?»

ሐጂ ከልባቸው ሳቁና ልጃቸውን ሰጡኝ። ነገሩ ግን የእውነት ነው። እዚህ ጅዳ ልጆቻችን ቃዒዳ ኑራኒያ የተባለውን የቁርኣን ንባብ መማሪያ የሚማሩት ደውራ፣ ማለትም ሥልጠና፣ ከወሰደች ሴት ነው። የዐረብኛውን ፊደል አንድ በአንድ፣ ከዚያ የተቀጣጠሉትን፣ ከዚያ የአናባቢ ምልክቶቹን፣ ሐረካውን፣ እያለች በሥርዓት ትሄዳለች፤ እሷ ራሷ ተሰምታ፣ ታርማ ነው ያለፈችው። ለአንዱ ፊደል ይህን የምንጠይቅ ሰዎች ለሌላው ፊደል «ማንም ያስተምረው» ስንል ልጁ ይሰማናል፤ የትኛውን እንደምናከብርም ይገባዋል።

አገር ቤት ያለውን ነገር ደብቄ አላልፍም። እ.ኤ.አ. በ2010 በኢትዮጵያ የተካሄደው የመጀመሪያ ክፍሎች የንባብ ምዘና ከ2ኛ ክፍል ተማሪዎች 34 በመቶው ከቀረበላቸው ታሪክ አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ እንዳልቻሉ አሳይቶ ነበር። ከዚያ በኋላ በ7 ቋንቋዎች፣ በአማርኛ፣ በአፋን ኦሮሞ፣ በትግርኛ፣ በሶማሊኛ፣ በሲዳምኛ፣ በወላይትኛና በሀዲይኛ፣ አዲስ የንባብ መጽሐፍና የመምህሩ መምሪያ ተዘጋጀ፤ መምህራንም ሠለጠኑ። በአገራችን ማዕቀፍ አንድ መምህር በዓመት ቢያንስ 60 ሰዓት ተከታታይ የሙያ ማሻሻያ እንዲያደርግ ይጠበቅበታል፤ የጉድኝት ማዕከልም አለ፣ ሱፐርቫይዘርም አለ። አገር ቤት ያስተማረች ባልደረባዬን «60 ሰዓቱን እንዴት ታሳልፉት ነበር?» ብዬ ስጠይቃት «ማህደር ስንሞላ» አለችኝ። በቁጣ አልነበረም፤ በሐዘን ነው።

«ታዲያ ሥልጠና አትፈልጉማ!» አለን ይህን የሰማ አንድ ጎረቤት።

«እንፈልጋለን። ግን ሰርተፊኬቱ ግድግዳ ላይ ነው፤ ልጁ ምንጣፍ ላይ ነው።»

«እና ምን ይሻላል?»

«ምንጣፉ ድረስ የሚመጣ።»

ይህን የምለው ከራሴ አውጥቼ አይደለም። ደቡብ አፍሪካ ውስጥ በኖርዝ ዌስት ክፍለ ሀገር ሴትስዋና ማንበብ የሚያስተምሩ የመጀመሪያ ክፍሎች መምህራንን በሁለት ወገን አድርገው ሞክረውታል። ለሁለቱም አንድ ዓይነት የትምህርት ዕቅድና አንድ ዓይነት የልጆች መጻሕፍት ተሰጠ። አንደኛውን ወገን ወደ አዳራሽ ጠርተው አሠለጠኑ። ለሌላው ግን አሠልጣኙ በየወሩ ክፍሉ ድረስ እየሄደ፣ እያየ፣ እያሳየ አገዘው። ከሁለት ዓመት በኋላ ልጆቹ ሲመዘኑ፣ ክፍላቸው ውስጥ ሰው የገባላቸው መምህራን ተማሪዎች ያሳዩት መሻሻል የአዳራሾቹን እጥፍ ያህል ነበር። መጽሐፉ ያው፣ ዕቅዱ ያው፤ ልዩነቱ ሰውዬው የሚቀመጥበት ቦታ ብቻ ነው።

አሁን ወደ ምንጣፋችን ልመለስ፤ ልቤ ያለው እዚያ ነው።

የጅዳ ልጅ ፊደል ሲማር አዲስ አበባ ያለው ልጅ የማይገጥመው ነገር ይገጥመዋል፤ መምሪያው መጽሐፍ ደግሞ ይህን አይነግረንም። ቀን ትምህርት ቤት በዐረብኛ ከቀኝ ወደ ግራ ይጽፋል፤ ዐርብ እኛ ጋ ሲመጣ «ቤት» ጻፍ ስለው «ትቤ» ብሎ ይጽፋል። ፊደሉን ያውቀዋል፤ መንገዱ ነው የተገለበጠበት። ዐረብኛው ፊደል በቃል መጀመሪያ፣ መሐልና መጨረሻ መልኩን ይለውጣል፣ እጅ ለእጅም ይያያዛል፤ አንዲት ልጅ «አብላ፣ እነዚህ ለምን አይያያዙም? ተጣልተው ነው?» አለችኝ። «አልተጣሉም፤ እያንዳንዱ ሙሉ ቤት ነው፤ አናባቢውን እቤቱ አስገብቶ ነው የሚኖረው» አልኳት። ከዚያ በደብተሯ ጥግ ላይ ባእ ጻፍኩና ከሐረካዎቹ ደማን አደረግኩበት፤ «ቡ» አለች። ከስራ አደረግኩ፤ «ቢ»። ሱኩን ሳደርግ ዝም ብላ ከንፈሯን ገጠመች። «አየሽ፣ ይቺ ሳድስ ናት፤ ብ» አልኳት። ሰባቱን ቤት ለመማር የሚፈጅባትን ጊዜ ያሳጠረላት መሰለኝ። ሆኖም እዚህም ጥንቃቄ አለ፤ ሳድስ ሁልጊዜ ሱኩን አይደለችም። «ብር» ስንል ብ ትተነፍሳለች፣ ር ትዘጋለች፤ ፊደላችን ግን ይህንን ለይቶ አይጽፍም፤ የሚጠብቀውንም ፊደል ዐረብኛው በሸዳ እንደሚያሳየው አያሳይም። ይህንን ብቻዬን ሆኜ ብዙ ጊዜ አላስተዋልኩትም ነበር። ያስተዋለችው ከኋላ ተቀምጣ የምታየኝ ባልደረባዬ ናት።

«ሦስቱ ሀ ደግሞ ለልጅ ጣጣ ነው፤ አንዱን ብቻ አስተምሩልኝ» አሉኝ አንድ እናት።

«እናቴ፣ ለእርስዎ ልጅ ግን ስጦታ ነው።»

እንዴት? እኛ በአማርኛ ሀ፣ ሐ፣ ኀ ሁሉንም አንድ አድርገን ነው የምንጠራቸው። የጅዳ ልጅ ግን በዐረብኛው ሃእን ከሓእ፣ ሓእን ከኻእ ለይቶ ይሰማል። በግእዝ ወተት «ሐሊብ» ነው፤ ልጁ ከባቃላ በየጠዋቱ የሚገዛውም ሐሊብ ነው፣ ድምፁም ሓእ ነው። አምስት በግእዝ «ኀምስቱ»፣ በዐረብኛ በኻእ «ኸምሳ»። ዓይን የሚጻፍበት ዐ ልጁ የሚያውቀው ዐይን ነው። ሠ በዐረብኛው ሺን ውስጥ ዘመድ አላት፤ ፀሐይ የምንጽፍባት ፀም ከዷድ ጋር ትዛመዳለች። አገር ቤት ያለ ልጅ እነዚህን ፊደሎች በቃል ይሸመድዳል፤ የጅዳው ልጅ በጆሮው ያውቃቸዋል። ይህን የምታውቅ መምህርት ከሀብት ጋር ነው የተቀመጠችው። የማታውቀዋ ሀብቱን ሸክም አድርጋ ታስተምረዋለች። ልዩነቱ ጉብዝና አይደለም፤ ከጎኗ ቁጭ ብሎ «ይህን አየሽ?» የሚላት ሰው መኖር አለመኖሩ ነው።

በርእሱ ያነሣሁት የሞያ ነገር የመጣው እዚህ ላይ ነው። ስለ ወላጆች ሥራ ስናወራ አንዱን ልጅ «የእናትህ ሞያ ምንድን ነው?» ብዬ ጠየቅሁት። ቶሎ ተነሥቶ ማድቤት ገባና ጠርሙስ ውኃ ይዞልኝ መጣ። በጅዳ ዐረብኛ ሞያ ውኃ ነው። አመስግኜ ጠጣሁ፤ ከዚያ ዝም ብዬ ወደ ሌላ ልጅ ተሻገርኩ። ማታ ደብተራችንን ስንገልጥ ባልደረባዬ «የዛሬዋን ትልቋን ትምህርት ጥለሻት ሄድሽ» አለችኝ። «የቷን?» «ውኃዋን።» ልክ ነበረች። ልጁ ጥያቄዬን ሰምቶ፣ ተርጉሞ፣ ተነሥቶ ሠርቶበታል፤ የጎደለችው የአማርኛዋ ቃል ብቻ ናት። በቀጣዩ ዐርብ ሁለቱንም ሞያ ጎን ለጎን ጽፈን ጀመርን፤ በአንዱ ሥዕል ጠርሙስ፣ በሌላው ሥዕል የምትሰፋ ሴት። ከዚያ ወዲህ ልጁ አዲስ ቃል ሲያጋጥመው «በየትኛው ነው?» ይላል።

ሁለት ተመራማሪዎች፣ ጎፍና ተንመር፣ እ.ኤ.አ. በ1986 ማንበብን በማባዛት ምልክት አስቀምጠውታል፤ ፊደሉን የመፍታት ችሎታ ሲባዛ በቋንቋው የመረዳት ችሎታ። አንዱ ዜሮ ከሆነ ሌላው ምንም ያህል ቢበዛ ውጤቱ ዜሮ ነው። ቃሉን የማያውቅ ልጅ «ጓሮ» ብሎ ጥርት አድርጎ ያነብልኛል፤ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ተወልዶ ጓሮ የት ያውቃል? ሞፈርና ቀንበር የሞላበትን ገጽ ሳስነብበው ከንፈሩ ይሠራል፣ ዓይኑ ግን ግድግዳው ላይ ነው። ስለዚህ ሊፍቱን፣ ዘምዘሙን፣ የባሕሩን ዳር፣ አያት በስልክ የምትለውን ሁሉ በአማርኛ ጽፈን ማንበብ ጀመርን። መጽሐፉን አልጣልነውም፤ ወደ እሱ የሚወስድ ድልድይ ነው የሠራነው።

«ትንንሾቹን ለጀማሪ አስተማሪ ስጪ፤ አንቺ ልምድ ስላለሽ ትልልቆቹን ያዢ» የሚለኝ ሰው ደግሞ አይጠፋም።

«ቤት ስታሠራ መሠረቱን ለተለማማጅ፣ ጣሪያውን ለዋናው ግንበኛ ነው የምትሰጠው?»

እዚህ ላይ ቀልድ የለኝም። ከሁሉም ክፍል ከባዱ የመጀመሪያው ነው። ትልቁ ልጅ አንድ ነገር ቢያመልጠው በሌላ ቀን አንብቦ ይደርስበታል፤ ማንበብ ያመለጠው ግን በምን ይደርስበታል?

«ደግሞ ለምን ሰው ይመጣብሻል? ግምገማ አትፈሪም?»

«ግምገማ ሲመጣ ክፍል ይጸዳል። እኔ ክፍሉ ሳይጸዳ የሚመጣ ሰው ነው የምፈልገው።»

እኔና ባልደረባዬ በዚህ ላይ ሕግ አለን። አንዳችን ስናስተምር ሌላዋ ከኋላ ትቀመጣለች፤ በልጆች ፊት ትንፍሽ አትልም፤ ማታ አንድ ያየችውን ነገር ብቻ ትናገራለች፣ ሁለት አይቻልም። ቢበዛ ሰው አይሸከመውም። አንድ ዐርብ «ግማሹ ልጅ ዛሬ አንዴም ተራ አልደረሰውም» አለችኝ። ሁሉም ያነበበ መስሎኝ ነበር፤ በኅብረት ሲጮኹ ክፍሉ ሁሉ የሚያነብ ይመስላል። ከዚያ ቀን ጀምሮ በኅብረት የምናነበው ለመሞቅ ብቻ ነው፤ ከዚያ እያንዳንዱ ልጅ ጣቱን ፊደሉ ላይ አድርጎ ብቻውን ያነብልኛል። እኔም በተራዬ እሷ ላይ ያየሁትን አንድ ነገር ነገርኳት፤ ጥያቄ ጠይቃ መልሱን ራሷ ትመልሰዋለች፣ ልጁ አፉን እስኪከፍት አትጠብቅም። አሁን ከጠየቀች በኋላ በልቧ እስከ አምስት ትቆጥራለች። ከመካ የመጣች አንዲት እህት ቁጭ ብላ አይታን «እኛም እንደዚህ እናድርግ?» ብላ ጠየቀች። ሁለት ሰውና አንድ ደብተር እንደሚበቃ ነገርናት፤ ስትሄድ የእኛን ደብተር ፎቶ አንሥታ ሄደች።

አንድ ጊዜ ደግሞ አንድ ወጣት «አማርኛ እዚህ አረብ አገር ምን ያደርግለታል?» ብሎ በቁም ነገር ጠየቀኝ።

«አያቱን ያስገኝለታል።»

«በስልክ ያወራል እኮ።»

«ስልኩ ሲዘጋስ?»

በ2006 ዓ.ም. ኅዳር ላይ የሆነውን ሁላችንም እናስታውሳለን። በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160,000 በላይ ኢትዮጵያውያን ከዚህ አገር ተመለሱ፤ ሕፃናትም አብረው ነበሩ። አገር የምንገባበት ቀን በእኛ ቀጠሮ ብቻ አይቆረጥም። ያ ቀን ለአንዱ ልጅ ቢመጣ፣ የቦሌን ታፔላ አንብቦ እንዲወርድ እፈልጋለሁ። ባይመጣም፣ አያቱ በጻፉት ደብዳቤ ውስጥ ያለውን ቃል ያለ አስተርጓሚ እንዲያይ እፈልጋለሁ። ወጣቱ ራሱን ነቀነቀና «እኔም መጥቼ ከኋላ ልቀመጥ እችላለሁ?» አለ። አሁን ሦስት ነን።

ባለፈው ዐርብ እሱ ከኋላ ተቀምጦ ነበር። የዕለቱን የንባብ መስመር የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ «አባባ ቤት አለ።» በግራ ረድፍ ጥግ የምትቀመጥ፣ በኅብረት ንባብ ከንፈሯን ብቻ የምታንቀሳቅስ ልጅ አለች፤ ባልደረባዬ ያሳየችኝ እሷን ነው። ተራዋ ደረሰ። ጣቷን አ ላይ አሳረፈች፣ ባ፣ ባ፤ ቤ፣ ት። እስከ አምስት ቆጠርኩ። «አ» አለችና ቆመች። ቀና ብላ አየችኝ።

«አብላ፣ ለ ሸዳ አላት?»

«ቢኖራትስ?»

«አባባ ቤት ውስጥ ነው።»

«ባይኖራትስ?»

ጥቂት አሰበች። «አባባ ‹ቤት› ብሎ ተናገረ።»

ከኋላ ወጣቱ ደብተሩን አነሣና ጻፈ።